ላቫጆ ልትገዛ ነው? መጀመሪያ የውሃ ቆጣሪውን አንብብ



ከወጣቶቻችን መካከል ትንሽ ገንዘብ የቋጠረ ሰው የሚያስባቸው ሥራዎች ብዙ አይደሉም። ወይ ሱቅ ነው፣ ወይ መኪና ገዝቶ ራይድ ማስገባት ነው፣ ወይ ደግሞ የመኪና እጥበት፣ በተለምዶ ላቫጆ የምንለው። ላቫጆ የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐላል ነው፣ ዱቤ አይበዛበትም፣ ገንዘቡ በየቀኑ እጅ ላይ ይገባል፣ የሚበላሽ ዕቃም የለውም። በተለይ "ሥራ ላይ ያለ፣ ደንበኛ ያለው ላቫጆ ይሸጣል" የሚል ወሬ ሲመጣ ልብ ቶሎ ይነሳል። ከባዶ ከመጀመር የተዘጋጀ መግዛት ይቀላል ይባላል።

ገንዘቡ የማን እንደሆነ ግን እናስብ። ብዙ ጊዜ የገዢው ብቻ አይደለም። ጂዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እህት የላከችው ነው። ወይም አባት መሬት ሸጦ የሰጠው ነው። ወይም 3 ጓደኛሞች ለዓመታት ያጠራቀሙት ነው። ይህ ገንዘብ ከጠፋ የሚጠፋው ብር ብቻ ሳይሆን የአንዲት እህት 5 ወይም 6 የወጣትነት ዓመት ነው። ስለዚህ ስለዚህ ግዢ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቅር አትሰኙ።

የኔ እምነት ይህ ነው፦ ወጣቶቻችን የሚጎዱት ማጣራት ስለማያውቁ ብቻ አይደለም፤ ማጣራት ስለሚያሳፍራቸው ነው። ሻጩ የመስጂድ ጀመዓችን ነው፣ የአጎት ልጅ ጓደኛ ነው፣ ሱብሒ አብረን እንሰግዳለን። "ታዲያ እንዴት አድርጌ የውሃ ቢልህን አሳየኝ እለዋለሁ? ሱኡ ዘን አይሆንብኝም?" ይላሉ። ከዚያ "አማና ነው" ይባልና ሚሊዮን ብር በእጅ መጨባበጥ ያልቃል።

ይህ አስተሳሰብ ከዲናችን የመጣ አይደለም። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ እንደሰደዱና ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩንም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው እንደጠየቁት የሚተርከውን ሐዲስ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሐዲሱን ሁልጊዜ የምናነሳው ሻጭን ለመገሠጽ ነው። እስቲ ደግሞ ከገዢው ወገን ሆነን እንየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የክምሩን ላይ አይተው ብቻ አላለፉም፤ እጃቸውን ሰደዋል። ሻጩን በመጥፎ መጠርጠርና ዕቃውን መፈተሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐቀኛ ሻጭ ሲፈተሽ አይከፋም፤ እንዲያውም ዋጋው ትክክል መሆኑ ስለሚታወቅለት ይደሰታል። ተፈተሽኩ ብሎ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመህ ቁጣውን እንደ አንድ መረጃ ቁጠረው።

ኢስቲኻራም የማጣራት ምትክ አይደለም። አጣርተህ፣ የሚያውቅ ሰው አማክረህ፣ ከዚያ ወደ አላህ ትመለሳለህ። ሂሳቡን ሳያይ 2 ረከዓ ሰግዶ "ልቤ ተረጋጋ" የሚል ወንድም፣ ልቡ የተረጋጋው ደላላው በነገረው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንድ ላቫጆ ሲሸጥ በእርግጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሻጩ የሚያሳይህ ማሽኑን ነው። የግፊት ማጠቢያው፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ቫኪዩሙ፣ ሮቶው፣ መወጣጫው። እነዚህን ሁሉ ደምረህ በገበያ ዋጋ ብታሰላ ግን ከተጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግማሽ እንኳን አይሞሉም። የቀረው "ቁልፍ" ነው፤ ማለትም ቦታው፣ ደንበኛው፣ ስሙ። ስለዚህ ከምትከፍለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ በዓይን ለማይታይ ነገር ነው የሚውለው። በዓይን የማይታይ ነገር ካልተጣራ ገረር ይገባበታል፤ ሸሪዓ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መሸጥን ለምን እንደከለከለ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

ሻጩ "በቀን 50 መኪና አጥባለሁ" ይልሃል እንበል። ደብተር አለው ወይ? ሊኖረው ይችላል፤ ደብተር ግን በአንድ ሌሊት ይጻፋል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካለው የዜድ ሪፖርቱን ጠይቅ፤ ሆኖም ብዙ እጥበት ቤት ለእያንዳንዱ መኪና ደረሰኝ ስለማይቆርጥ ሪፖርቱ ከእውነተኛው ሥራ ያንሳል። ሻጩም "ለግብር ብለን ነው ያሳነስነው" ይልሃል። ይህን ያለህ ሰው ለመንግሥት አንድ ቁጥር፣ ለአንተ ሌላ ቁጥር እንደሚሰጥ ራሱ ነገረህ ማለት ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ ከሱ አፍ ልታውቅ አትችልም።

የማይዋሽ አንድ ነገር ግን ግቢው ውስጥ አለ፤ የውሃ ቆጣሪው። መኪና ያለ ውሃ አይታጠብም። የ12 ወር የውሃ ቢል ጠይቅ፤ ቢያንስ የበጋም የክረምትም ወራት ይኑርበት። ቀጥሎ አንድ መኪና ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ራስህ ለካ። ሮቶው እስከ አፉ ሞልቶ ውሃ መግባት ሲያቆም የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍ፤ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኪዩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። 5 መኪና እስኪታጠብ ቆይ። ሮቶው እንደገና እስኪሞላ ጠብቅና ቁጥሩን መልሰህ አንብብ። 600 ሊትር ከሄደ፣ ለአንድ መኪና 120 ሊትር ማለት ነው። አሁን ቢሉን አውጣ። በወር 90 ሜትር ኪዩብ ይላል እንበል፤ 90,000 ሊትር ነው። ለ120 ስታካፍለው 750 መኪና ይወጣል። በ30 ቀን ስታካፍለው 25። ታዲያ 50ው የታለ?

ሻጩ "ቀሪውን በቦቴ ነው የምገዛው" ወይም "የጉድጓድ ውሃ አለኝ" ሊል ይችላል። እውነት ሊሆን ይችላል። በብዙ ከተሞቻችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እንግዲያው የቦቴውን ሹፌር ስልክ ይስጥህ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚያመጣ ጠይቀው። ቦቴ ውሃ ደግሞ ከቧንቧው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ስለዚህ መልሱ የመኪናውን ቁጥር ቢያድንለትም ትርፉን ይበላበታል። በተገላቢጦሽም ተጠንቀቅ፦ ቆጣሪው ከአከራዩ መኖሪያ ቤት ጋር የጋራ ከሆነ ቢሉ ውስጥ የሰው ቤት ልብስና ሽንት ቤት አለበት፤ ቁጥሩ ከእጥበቱ በላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ምስክር አጣቢዎቹ ናቸው። በአብዛኛው እጥበት ቤት አጣቢ የሚከፈለው በመኪና ነው፤ ካጠበው ላይ ድርሻውን ማታ ይቀበላል። የዚያን ክፍያ ማስታወሻ ማንም አያሳንሰውም፣ አጣቢው ስለሚጣላ። አያበዛውምም፣ ባለቤቱ ከኪሱ ስለሚወጣ። የተጨማለቀችው ትንሿ ደብተር ሻጩ አሳምሮ ካዘጋጀው ሂሳብ ትበልጣለች። ዛሬ ዛሬ ብዙ ደንበኛ በቴሌብር ስለሚከፍል የሻጩን የቴሌብር ገቢም መጠየቅ ይቻላል፤ የግል ገንዘቡ የተቀላቀለበት መሆኑን ግን አትርሳ።

ሦስተኛው የራስህ ዓይን ነው። ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥና ቁጠር። ሻጩ በቀጠረህ ቀን አይደለም፤ በዚያ ቀን የጓደኞቹ መኪና ሁሉ ተሰልፎ ልታገኝ ትችላለህ። ሳትነግረው ሂድ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ፣ ዝናብ የዘነበ ቀን ሂድ። ከበዓል ዋዜማ አንድ ሳምንት ውስጥ የቆጠርከውን ግን ለብቻው አስቀምጠው፤ በዒድም በፋሲካም በእንቁጣጣሽም ዋዜማ ያልታጠበ መኪና የለም። የጥር ወር ሠርግም እንደዚያው ነው። ስለ ክረምት ሻጮች ሁለት ዓይነት ወሬ አላቸው፤ በሰኔ የሚሸጥ "በጭቃው ምክንያት ሥራ የሚበዛው አሁን ነው" ይላል፣ በጥቅምት የሚሸጥ ደግሞ "ዝናቡ አልፎ ሥራ የሚበዛው አሁን ነው" ይላል። ለዚህ ነው የ12 ወር ቢል ያልኩት።

መኪና በግማሽ ቀነሰ ማለት ትርፍ በግማሽ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለስሌት ያህል ቁጥር እናስቀምጥ፤ እናንተ በከተማችሁ ዋጋ ቀይሩት። አንድ መኪና በአማካይ 250 ብር ይታጠባል። በቀን 50 ከሆነ በወር 375,000 ብር ገባ። የአጣቢ ድርሻ 35 በመቶ ቢሆን 131,250 ይወጣል። ኪራይ 45,000፣ ውሃና መብራት 30,000፣ ሻምፖና ሰም 20,000፣ ገንዘብ ያዥና ጥበቃ 14,000፣ ጥገና 6,000። ተደምሮ 246,250። የሚተርፈው 128,750 ብር ነው። ላቫጆው 1,800,000 ብር ከተጠየቀበት በ14 ወር ገንዘብህን መለስክ ማለት ነው። ማንም ይጓጓል።

አሁን በቀን 25 እናድርገው። ገቢው 187,500። የአጣቢ ድርሻ 65,625፣ ውሃና መብራት 15,000፣ ሻምፖና ሰም 10,000 ሆነው በግማሽ ይወርዳሉ። ኪራዩ ግን 45,000 እንዳለ ነው። ገንዘብ ያዡና ጥበቃው፣ ጥገናውም አይቀንሱም። ወጪው 155,625 ይሆናል። የሚተርፈው 31,875 ብር ነው፤ የመጀመሪያው አንድ አራተኛ ብቻ። በዚህ ሂሳብ 1,800,000 ብር የሚመለሰው በ56 ወር፣ 5 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ይህም ግብር ሳይከፈል፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ለምትቆመው ለአንተም ደመወዝ ሳይታሰብ ነው። ያችን 31,875 ብር ተቀጥረህ ብትሠራ ከምታገኘው ጋር አስተያያት።

56 ወር ስንል ደግሞ የኪራይ ውሉ ስንት ወር እንደቀረው እንጠይቅ። በኔ ግምት ከውሃ ቆጣሪው ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ሻጩ 2 ዓመት የቀረው ውል ይዞ የ5 ዓመት ዋጋ ይጠይቅሃል። ባለቦታው በ2 ዓመቱ "ኪራዩ እጥፍ ሆኗል" ወይም "ልጄ ሊሠራበት ነው" ቢል ምን ትላለህ? በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይን ነው የሚመለከተው፤ የንግድ ቦታን አይጠብቅልህም። ስለዚህ ለሻጩ አንድ ብር ከመስጠትህ በፊት ከአከራዩ ጋር ራስህ ተቀመጥ። በአንተ ስም አዲስ ውል ይሰጥሃል? ለስንት ዓመት? ጭማሪው በየዓመቱ ስንት ይሆናል? "ሻጩ ከአከራዩ ጋር ይስማማልሃል" የሚልህን ደላላ አትስማው።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። በየከተማው ብዙ እጥበት ቤቶች በወረዳ ወይም በቀበሌ በኩል ለተደራጁ ወጣቶች በተሰጠ ቦታ ላይ ናቸው። ቦታው የማኅበሩም አይደለም፤ ሠርተው ራሳቸውን እንዲችሉ ለጊዜው የተሰጠ ነው። ከአባላቱ አንዱ "ድርሻዬን ልሽጥልህ" ቢልህ የምትገዛው የሱን ወንበር እንጂ ቦታውን አይደለም፤ ወንበሩንም ወረዳው ላያውቅልህ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ማሽን ብቻ ገዝቶ መሄድ ይሻላል።

መንገድ ዳር ላለ ቦታ የኮሪደር ልማቱን ማሰብ ግድ ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዷል። ላቫጆ በተፈጥሮው የመንገድ ዳር ሥራ ነው፤ መኪና የሚያየው ቦታ ላይ ካልሆነ አይሠራም። መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነካውም እሱ ነው። ሻጩ ይህን ከአንተ ቀድሞ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። የክፍለ ከተማው የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ስለ ቦታው ጠይቅ፤ ጎረቤት ነጋዴዎችን ጠይቅ፤ ሲለኩና ቀለም ሲቀቡ ያዩ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ፍሳሹ የት እንደሚሄድም ተከትለህ እይ። ቃል በቃል ተከተለው፤ ከመወጣጫው ሥር ጀምረህ ቦዩን ይዘህ ሂድ። ዘይትና ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ አለ ወይስ በቀጥታ መንገድ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ ይገባል? አዲስ አበባ ወንዝ በሚበክሉ ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥታለች። የቀድሞው ባለቤት ሲያልፍ የኖረውን አንተ ልትቀጣበት ትችላለህ። ከቅጣቱም በላይ የሳሙናና የዘይት ውሃ የጎረቤት ደጅ ላይ እየለቀቁ ሪዝቅ መፈለግ ለሙስሊም አይገባም፤ የጎረቤት ሐቅ አለብን። ሻጩ ያላሠራውን ማጣሪያ ጉድጓድ አንተ ማሠራትህ ስለማይቀር ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።

ማሽኖቹን በአጭሩ ልለፍ፤ መካኒክ ይዘህ ሂድ ማለት ይበቃል። ያም ሆኖ ለራስህ ዓይን የሚሆኑ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። የግፊት ማጠቢያው የፓምፕ ዘይት ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ጎሚኒዎቹ ሄደዋል ማለት ነው። ማሽኑን ጠዋት ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳው፤ አንተ ስትደርስ ሞቆ ከጠበቀህ ጥርጣሬ አይከፋም። የኮምፕሬሰሩን የታች ማፍሰሻ ክፈት፤ የዛገ ውሃ በብዛት ከወጣ ታንኩ ከውስጥ እየተበላ ነው፣ ያ ደግሞ ለአጣቢው ሕይወት አደጋ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው እንደ ድሮ ስላልሆነ "ትንሽ ጥገና ነው የሚፈልገው" የሚለውን ቃል በመካኒክ አፍ እንጂ በሻጭ አፍ አትቀበል። የመብራት ቆጣሪው ስሪ ፌዝ መሆኑንና በማን ስም እንደሆነም እይ። ስሪ ፌዝ ያለው ቦታ በእውነት ዋጋ አለው፤ አዲስ ለማስገባት የሚፈጀውን ጊዜ የሞከረ ያውቀዋል።

ገቢው ከምን እንደሚመጣም ለይ። አንዳንዱ ላቫጆ እጥበቱ ስም ብቻ ነው፤ የሚያተርፈው ከዘይት ለውጥና ከግራሶ ነው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ መንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ይታጠባል፤ የሞተር ዘይት ግን አይቀይርም። አሮጌዎቹ መኪኖች ነገ አይጠፉም፤ ለብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ግን ከዘይት ለውጥ በሚገኝ ትርፍ ላይ ተመሥርቶ የ5 ዓመት ዋጋ የሚጠይቅህ ሰው እየጠበበ የሚሄድ ገበያ ነው የሚሸጥልህ። አጣቢዎችህም ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የግፊት ውሃ የት መርጨት እንደሌለባቸው ካልተማሩ አንድ ስህተት የወር ትርፍ ይወስዳል።

"ለምን ትሸጣለህ?" ብለህ ጠይቅ። መልሱን አውቀዋለሁ፦ "ወደ ውጭ ልሄድ ነው።" የሚሸጥ ላቫጆ ባለቤት ሁሉ ወደ ውጭ ቢሄድ ኖሮ ቦሌ አይችለውም ነበር። እውነተኛውን ምክንያት አከራዩ፣ ሻይ ሻጯ፣ ባለፈው ወር ሥራ የለቀቀው አጣቢ ያውቁታል። ከዚያም ሻጩ ሰፈር ውስጥ 300 ሜትር ርቆ ሌላ እንዳይከፍት በውሉ ላይ ርቀትና ዓመት ጠቅሰህ አስገባ። ደንበኛው የቦታው ሳይሆን የሱ ከሆነ ተከትሎት ይሄዳል፤ አንተ ጋ ባዶ መወጣጫ ይቀራል። በተለይ "የድርጅት መኪኖች ኮንትራት አለኝ" ካለህ ኮንትራቱ በማን ስም እንደተጻፈ፣ ድርጅቱ ከአንተ ጋር ይቀጥል እንደሆነ ጠይቅ።

"ነገ ሌላ ሰው 2 ሚሊዮን ሊሰጥ ነው" የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ የሚያስወድድ ሰው ማቆም በፊቅህ ነጅሽ ይባላል፤ ክልክል ነው። በደላላ ስልክ የሚደወል የውሸት ገዢም ከዚህ አይለይም። ቸኩለህ ቀብድ እንድትሰጥ ነው የሚፈለገው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሐሳቡን ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል። በሸሪዓ በኩል ደግሞ ገዢው ሲተው ቀብዱን ለሻጭ ማስቀረት በሐንበሊ መዝሀብ የተፈቀደ ሲሆን ሐነፊ፣ ማሊኪና ሻፊዒ ግን አይቀበሉትም። ሻጩ የመስጂድ ወንድምህ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት፤ ቢሉ ከተባለው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ይጻፍ።

ዲናችን የሰጠን ሌላም መሣሪያ አለ፤ ኺያሩ ሸርጥ። ገዢ ወይም ሻጭ በተወሰነ ቀን ውስጥ ግዢውን የማፍረስ መብት በውል ማስቀመጥ ይችላል። በሻፊዒና በሐነፊ እስከ 3 ቀን ነው፤ በሐንበሊ ቀኑ ከታወቀ ከዚያም ይረዝማል። ይህን መብት የሚጠቀም ወጣት አይቼ አላውቅም፤ ለሚሊዮን ብር ግዢ ግን ከዚህ የሚሻል መከላከያ ከየት ይገኛል? በዚያ ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ያዡ አጠገብ ተቀምጠህ የሚገባውን መኪና ቁጠር። የመዝሀብህን ዝርዝር የሚያውቅ ዓሊም አማክር።

ስለ ገንዘቡ ምንጭም አንድ ነገር ልበል። ከ2013 ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን፤ በሌሎቹ ባንኮችም መስኮቱ ከዚያ በፊት ጀምሮ አለ። ሙራበሓ ግን ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ለአንተ የሚሸጥበት ስለሆነ ለማሽን ይመቻል እንጂ ለ"ቁልፍ" አይመችም። ይህን እንደ ችግር አትየው። ባንክ ሊገዛልህ የማይችለው የዋጋው ክፍል የትኛው እንደሆነ ማወቅህ ብቻ ዋጋውን እንደገና እንድታስብ ያደርግሃል። በጓደኛ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ማን ስንት እንዳወጣ፣ ማን እዚያ እንደሚውል፣ ለሚውለው ደመወዝ እንዳለው፣ ኪሳራ በመዋጮው ልክ እንደሚከፈል ጻፉ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑ ለኛ ለጓደኛሞችም ጭምር ነው። የእህትህ ገንዘብ ከሆነ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ሽርክና? እሷ ጂዳ ሆና አንድ ነገር ታስባለች፣ አንተ እዚህ ሌላ ታስባለህ። ሽርክና ከሆነ ስሟ ይጻፍ።

ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ። "ለግብር ስንል ውሉ ላይ 400 ሺህ እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ" ከተባልክ እምቢ በል። ውሸት መሆኑ አንድ ነው፤ ነገ ስትካሰሱ ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያየው 400 ሺህውን ነው። የሻጩን የግብር ክሊራንስ ሳታይ አትፈርም፤ የንግድ ፈቃዱም በስሙ የተሰጠ ስለሆነ አንተ የራስህን ታወጣለህ እንጂ በሱ ፈቃድ አትሠራም። ሠራተኞቹን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። ስለዚህ 6 ዓመት የሠራው ጥበቃ አገልግሎቱን ይዞ ነው ወደ አንተ የሚመጣው። ያልተከፈለ ደመወዝና ያልገባ ጡረታ (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) ካለ ከርክክቡ በፊት ሻጩ ይክፈል፤ ሠራተኞቹም መቀበላቸውን ይፈርሙ።

በርክክቡ ቀን ጠዋት የውሃውንና የመብራቱን ቆጣሪ ከሻጩ ጋር አብራችሁ አንብቡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቁጥሩን በውሉ አባሪ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። እስከዚያ ቁጥር ድረስ ያለው ቢል የሱ ነው።